ከላይኛው ወንበር፦ ሴቶችና የደም ትርዒት

«ሴት ልጅ ደም ማየት አትወድም» ይባላል። አገር ቤትም ይባላል፣ እዚህ ቤይሩትም ይባላል። እኔ በምሠራበት ቤት ሚስተርና ወንዶቹ ልጆች ሳሎኑን ይዘው ሬስሊንግ ሲያዩ፣ ወይም ልጆቹ ፕሌይስቴሽን ላይ ሲተኳኮሱ፣ ማዳም «የወንዶች ነገር!» ብላ ትወጣለች። ወጥታ የት ትሄዳለች? መኝታ ቤቷ ገብታ ባል ሚስቱን የሚገድልበትን ሙሰልሰል ትከፍታለች። እኔም ብሆን ማድ ቤት ሰሃን እያጠብኩ በጆሮ ማዳመጫ የምሰማው የወንጀል ትረካ ነው። ስንቶቻችሁ እንደኔ ናችሁ? ብዙ እንደምንሆን እገምታለሁ።

ታዲያ አባባሉ እውነት ነው? ወንዱ ደም ወዳድ፣ ሴቷ ደም ፈሪ ሆነን ነው የተፈጠርነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ታሪክ ማንበብ ስለምወድ ነገሩን ከሥሩ ልየው ብዬ፣ በእረፍት ቀኔ ካነበብኩት ላካፍላችሁ። ጥያቄው የሳሎን ወሬ ብቻ አይደለም እህቶቼ። መጨረሻ ላይ ስልካችን ውስጥ ይገባል።

ከምንረግጠው መሬት እንጀምር

የዛሬዋ ቤይሩት በሮማውያን ዘመን «ቤሪቱስ» ትባል ነበር። የሮም ቅኝ ከተማ ነበረች። ከ41 እስከ 44 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) በይሁዳ የነገሠው ቀዳማዊ ሄሮድስ አግሪጳ ይህችን ከተማ በጣም ይወዳት ነበር። ወንጌልና የሐዋርያትን ሥራ የምታነቡ ታውቁታላችሁ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ያዕቆብን በሰይፍ ያስገደለው፣ ጴጥሮስን ያሳሰረው ሄሮድስ እሱ ነው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ እንደሚነግረን አግሪጳ ለቤይሩት ቲያትር፣ መታጠቢያ ቤትና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት አምፊቴአትር ሠራላት። አምፊቴአትር ማለት ዙሪያውን መቀመጫ ያለው፣ መሀሉ አሸዋ የሆነ የትርዒት ሜዳ ነው። ምርቃቱ ላይ ምን አሳየ? ሞት የተፈረደባቸውን 700 ሰዎች ከሌሎች 700 ሰዎች ጋር አጋጠማቸው። 1,400 ሰው፣ እርስ በርሱ፣ ለመዝናኛ።

እዚያው አላበቃም። በ70 ዓ.ም ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ቲቶ፣ የማረካቸውን አይሁዶች ይዞ በዚህ ባሕር ዳር ከተማ ለከተማ ዞረ። በቂሣርያ የወንድሙን ልደት ሲያከብር ከአውሬ ጋር ተታግለው፣ እርስ በርስ ተዋግተውና ተቃጥለው የሞቱት ከ2,500 በላይ እንደነበሩ ዮሴፍ ጽፏል። ከዚያ ወደ ቤይሩት መጣና የአባቱን ልደት ደግሞ ከዚያ በበለጠ ድምቀት አከበረ።

ቁጥሩን ያነበብኩ ቀን የገረመኝ ጭካኔው ብቻ አልነበረም። «ልደት» የሚለው ቃል ነው። ኬክ የሚቆረስበት ቀን። ሰው በደስታው ቀን እንግዶቹን የሚያዝናናው በሌላ ሰው ሞት ነበር። የሚሞቱት ደግሞ እነማን ናቸው? ምርኮኛ፣ ባሪያ፣ የተፈረደበት፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ጠያቂ የሌለው ሰው።

ወንበሩን ማን ሰጠን?

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ሴቶቹ የት ነበሩ? መልሱ አጭር ነው፤ እዚያው ነበሩ፣ ተመልካች ሆነው።

ስዌቶኒዮስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ እንደሚለው፣ ከአውግስጦስ ቄሳር በፊት ወንድና ሴት የግላዲያተር ፍልሚያ ሲያዩ ተቀላቅለው ይቀመጡ ነበር። አውግስጦስ ደንብ አወጣ። ወታደሩ ለብቻው፣ ያገባ ተራ ዜጋ ለብቻው፣ ልጆች ከሞግዚታቸው ጋር በራሳቸው በኩል፣ ሴቶች ደግሞ ከላይ፣ ከኋላ። ከዚህ ደንብ ውጭ የሆኑት ቨስታ የምትባለውን አምላክ የሚያገለግሉት ደናግል ብቻ ነበሩ፤ ለእነሱ ከፊት የተለየ ቦታ ተሰጣቸው። ኋላ በ80 ዓ.ም ያው ቲቶ በሮም የመረቀው ትልቁ ኮሎሲየምም በዚሁ ሥርዓት ነው የሄደው። የሴቶቹ ቦታ ከሁሉም በላይ፣ ሜዳው ላይ ያለው ሰው ከሚያንስበት ጥግ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አውግስጦስ ሴቶችን ወደ ላይ ያወጣቸው ደም እንዳያዩ አስቦ ነው? አይደለም። ሰው ሲታረድ ማየት ተፈቅዶላቸዋል። በፍጹም የተከለከሉት የአትሌቶችን ውድድር ነው፤ አትሌቶቹ ራቁታቸውን ነበራ የሚወዳደሩት! እንዲያውም አንድ ጊዜ ሕዝቡ የቦክስ ግጥሚያ እንዲጨመርለት ሲጠይቅ፣ አውግስጦስ ግጥሚያውን ለማግስቱ ጠዋት አዛወረና ሴቶች ከአምስተኛው ሰዓት በፊት ወደ ቲያትሩ እንዳይመጡ አዋጅ አስነገረ። ሞት ማየት ነውር አይደለም፣ ራቁት ማየት ነውር ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ደንብ የሚወጣው ሰው ለሚያደርገው ነገር ነው። ማንም የማይሄድበትን መንገድ ማን አጥር ያጥርበታል? ሴቶች ባይመጡ ኖሮ የት እንደሚቀመጡ ሕግ አያስፈልግም ነበር።

የሚወዱትን ሴቶች ደግሞ መቀለጃ ያደርጓቸው ነበር። ጁቬናል የተባለው ገጣሚ ኤጲያ ስለምትባል የትልቅ ሹም ሚስት ጽፏል። ባሏንና ልጆቿን ጥላ ጠባሳ በጠባሳ የሆነ ግላዲያተር ተከትላ ወደ ግብፅ ሄደች ብሎ ያፌዝባታል። በ79 ዓ.ም እሳተ ገሞራ የቀበራት የፖምፔ ከተማ ግድግዳ ላይም ኬላዱስ የሚባል ግላዲያተር ልጃገረዶችን እንደሚያስቃስት የሚናገር ጽሑፍ ተገኝቷል። ግላዲያተሩን ያደነቀ ወንድ አልተሰደበም። ያደነቀች ሴት ግን ባለጌ ናት። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ አንዲት ሴት «ይህን ነገር አልወድም» ብትል፣ የልቧን ይሁን የስሟን ነገር ፈርታ በምን እናውቃለን?

በእኛም አገር ቢሆን እንዲሁ ነው። የገና ጨዋታ ላይ ዱላ ይዞ የሚሯሯጠው ወንዱ ነው፤ በጉግስ ፈረስ የሚጋልበው ወንዱ ነው። ሴቶች ግን ቤት አልቀሩም፤ ዳር ቆመው እልል ይላሉ። እልልታ የሌለው ፉከራ ምን ያምራል? ጀግናው የሚፎክረው ሰሚ ስላለ ነው። እናቶቻችን ዳር ቆሙ እንጂ ከጨዋታው ውጭ አልነበሩም።

አሸዋው ላይ የወረዱት

ሴቶች ተመልካች ብቻም አልነበሩም። በዛሬዋ ቱርክ፣ ቦድሩም በምትባለው በጥንቷ ሃሊካርናሶስ የተገኘ የድንጋይ ቅርጽ አለ፤ አሁን የሚገኘው ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ሁለት ሴቶች ጋሻና ሰይፍ ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል። ስማቸው ከሥር ተጽፏል፦ አማዞንና አኪሊያ። እነዚህ የመድረክ ስሞች ናቸው፤ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም ማንም አልጻፈውም። ጽሑፉ ሁለቱም በሕይወት እንደተለቀቁ ይናገራል። ቲቶ በቂሣርያ ልደቱን ያከበረለት ወንድሙ ዶሚትያን ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሲሆን፣ ማታ በችቦ ብርሃን ሴቶችን ያዋጋ ነበር። በ200 ዓ.ም አካባቢ ንጉሠ ነገሥቱ ሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ የሴቶችን ፍልሚያ ከለከለ። ምክንያቱ ሴቶቹ እንዳይጎዱ አልነበረም፤ በእነሱ ሰበብ በትልልቅ ሰዎች ሚስቶች ላይ ይቀለድ ስለነበር ነው።

መዋጋት ተከለከለ እንጂ መገደል አልተከለከለም። በ203 ዓ.ም፣ በዛሬዋ ቱኒዝያ በነበረችው በካርታጎ ከተማ፣ ፐርፔቱዋና ፌሊቺታስ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በክርስትናቸው ምክንያት ለአውሬ ተፈረዱ። የቀኑ ምክንያት አሁንም ልደት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የጌታ ልደት (ስሙ ጌታ ነው የሚባለው)። ፐርፔቱዋ 22 ዓመት ገደማ የሆናት፣ የተማረች፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያላት የደህና ቤተሰብ ልጅ ነበረች። እስር ቤት ሆና የጻፈችው ማስታወሻ እስከ ዛሬ አለ። ፌሊቺታስ ባሪያ ነበረች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ታስራ እዚያው እስር ቤት ሴት ልጅ ወለደች፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሜዳው ወጣች።

የሆነውን የጻፈው ሰው እንዲህ ይላል። ሁለቱን ልብሳቸውን ገፈው በመረብ አድርገው አወጧቸው። ሕዝቡ ሲያያቸው ደነገጠ፤ አንዷ ለጋ ወጣት፣ ሌላዋ ገና ከወሊድ የተነሳች፣ ከጡቷ ወተት የሚንጠባጠብ። ጩኸት ሆነ። ስለዚህ መለሷቸውና ቀሚስ አልብሰው አወጧቸው። ከዚያ ላሚቱ ተለቀቀችባቸው።

እህቶቼ፣ ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አያችኋት? ሕዝቡ አዝኗል። ግን ያዘነው ለራቁትነታቸው ነው። ከለበሱ በኋላ ትርዒቱ ቀጠለ። ከላይ የተቀመጡት ሴቶችም፣ ምናልባት ጡት የሚያጠቡ እናቶች፣ እዚያው ነበሩ። ያየሽው ነገር ከብዶሽ «ሸፍኑልኝ» ማለትና «አቁሙ» ማለት አንድ አይደሉም።

አጠገብሽ ማን አለ?

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይልቅ የጦርነት ፊልም፣ የድብድብ ጨዋታ፣ የመግደል ጌም እንደሚወዱ አጥኚዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ ሳሎናችን ውስጥ የምናየው ነው። ግን «በአማካይ» ማለት «ሁሉም» ማለት አይደለም፣ «በተፈጥሮ ብቻ» ማለትም አይደለም። ሁለት ጥናቶች በጣም ስላስተማሩኝ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በ1986 ዶልፍ ዚልማን የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያደረጉት ነው። ወጣት ወንዶችና ሴቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው አስፈሪ ፊልም እንዲያዩ አደረጉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ግን በድብቅ የአጥኚዎቹ ሰው ነው፤ እንደታዘዘው ይፈራል፣ ወይም ዝም ይላል፣ ወይም «ምን አላት» እያለ ይጀግናል። ውጤቱ ምን ሆነ? ወንዶቹ ፊልሙን ይበልጥ የወደዱት አጠገባቸው ያለችው ልጅ ስትፈራ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ፊልሙን የወደዱት አጠገባቸው ያለው ወንድ ሲጀግን ነው፤ ወንዱ ከፈራ ፊልሙም አላስደሰታቸውም። ፊልሙ ያው አንድ ፊልም ነው። ማለት ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ትርዒት አለ፤ አንዱ መስኮቱ ላይ፣ አንዱ ሶፋው ላይ። ወንዱ ያለመፍራት ፈተና እየተፈተነ ነው፣ ሴቷ የመፍራት።

አጠገብ ያለ ሰው ጉልበት ወንዱንም አይምርም። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ጓደኛው አሊጲዮስ ጽፏል። አሊጲዮስ የግላዲያተር ፍልሚያ የሚጸየፍ ወጣት ነበር። ጓደኞቹ ሮም ውስጥ እየጎተቱ ወሰዱት። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ግን ዓይኑን ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መጨፈን አልቻለም። ኋላ ራሱ ሌሎችን እየጎተተ የሚወስድ ሆነ። የወንድነት ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ መጎተት ባላስፈለገው ነበር።

ሁለተኛው ጥናት የ2010 ነው። አማንዳ ቪካሪና ክሪስ ፍሬሊ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በእውነት ስለተፈጸመ ግድያ የሚተርኩ መጻሕፍትን ማን እንደሚያነብ መረመሩ። ሁሉም ሰው ወንዶች ናቸው ብሎ ነበር የሚገምተው። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሴቶች ናቸው። ከጦርነት ወይም ከወሮበሎች ታሪክና ከእውነተኛ የግድያ ታሪክ ምረጡ ሲባሉ፣ ሴቶቹ ግድያውን መረጡ። በተለይ የሚስባቸው ደግሞ ተጎጂዋ ሴት የሆነችበት፣ ገዳዩ ለምን እንደገደለ የሚገልጽና ተጎጂዋ በምን ዘዴ እንዳመለጠች የሚናገር መጽሐፍ ነው።

ይህን ሳነብ ስለ ራሳችን ብዙ ገባኝ። ልዩነቱ «ወንድ ይወዳል፣ ሴት ትጠላለች» አይደለም። ወንዱ ልጅ ጌሙ ላይ ራሱን የሚያየው በተኳሹ ቦታ ነው። እኛ ትረካውን ስንሰማ ራሳችንን የምናየው በተጎጂዋ ቦታ ነው። እሱ ማሸነፍን ይለማመዳል፤ እኛ መትረፍን። «በሩን ለምን አልቆለፈችም? ለምን ቀድማ አልነገረችም? እኔ ብሆን በየት እወጣ ነበር?» እንላለን። ማድ ቤት ውስጥ ወንጀል የምናዳምጠው ደም ጠምቶን አይደለም። በሰው ቤት፣ ቁልፉ በሰው እጅ ያለች ሴት እንዴት መትረፍ እንደሚቻል ብታጠና ምን ይገርማል?

ስልካችን ላይ ያለው ሜዳ

አሁን ከባዱ ላይ ደረስን። በ2012 መጀመሪያ እዚሁ ቤይሩት፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አንዲት እህታችን በግድ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ታየ። ከቀናት በኋላ በገባችበት ሆስፒታል ሕይወቷ አለፈ። በ2017 ደግሞ ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ተንጠልጥላ «ያዙኝ» እያለች ስትጮህ፣ አሠሪዋ እጇን እንደመዘርጋት ስልክ ይዛ ቀረጸቻት። ልጅቷ ወደቀች፤ በእግዜር ቸርነት ከታች ያለው ቆርቆሮ ይዟት ተረፈች። የቀረጸችው ሴት ነበረች። አባባሉ ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ያ ስልክ በሴት እጅ ባልተገኘ ነበር። ከሮም ዘመን ምን ተለወጠ? ሜዳው ጠበበ እንጂ፣ ወንበሩ በየኪሳችን ገባ።

እነዚህን ቪዲዮዎች ስንቶቻችን አየናቸው? በየግሩፑ እንዴት እንደሚዞሩ ታውቃላችሁ። የሚያዞሩት ወንዶች አይደሉም፤ እኛው ነን፣ በሃዘንና በልቅሶ ምልክት። ለምን? ከላይ እንዳልኩት ለመጠንቀቅ ነው፣ «ተመልከቱ፣ በእኛ ላይ ይህ ይደርሳል» ለማለት ነው። ይህ ምክንያት አያሳፍርም። የ2012ቱ ቪዲዮ ባይታይ ኖሮ ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ ስለ ካፋላ የተነሳ ጥያቄ ላይኖር ይችል ነበር። ማየት ምስክርነት ሊሆን ይችላል።

ግን ያው ቪዲዮ አምስተኛ ግሩፕ ላይ ሲደርስ ምስክርነቱ ያልቃል። ማን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም፤ የት እንዳለች የሚከታተል የለም። ሙዚቃ ይጨመርበታል። አገር ቤት ያለች እናቷ ከማወቋ በፊት ጎረቤት ያየዋል። አንዳንዴ ፊቷን አደብዝዘው ይለጥፉታል፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን የካርታጎ ሕዝብም እኮ ቀሚስ አልብሶ ነው ያስቀጠለው። በየቀኑ ደግሞ ማየት ሰውን ያለምዳል። መጀመሪያ ያለቀስንበትን በሦስተኛው ወር በአውራ ጣታችን ገፍተነው እናልፋለን። አዲስ የመጡት ልጆች ደግሞ ሌሊት ስልክ ላይ እያዩ እንቅልፍ ያጣሉ፤ የሚደውሉበት ቁጥር ግን አያውቁም። ፍርሃቱ ደረሳቸው፣ መትረፊያው አልደረሳቸውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ እኔ ማድረግ የጀመርኩትን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ የላከችልኝን ሰው «ይህ መቼ ነው፣ የት ነው፣ ልጅቷ አሁን የት ናት?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካለና ልጅቷ አደጋ ላይ ከሆነች፣ ቪዲዮውን ሊረዳት ለሚችል ሰው ብቻ እልካለሁ፤ ለማኅበራችን ተጠሪዎች፣ ለቆንስላ፣ ለጠበቃ። ማስረጃ ስለሆነ አላጠፋውም፣ ግን ለግሩፕ አልበትነውም። መልስ ከሌለ ደግሞ እኔ ጋ ይቆማል። አዲስ ለመጣች ልጅ ከቪዲዮው ይልቅ ስልክ ቁጥሩን፣ የፓስፖርቷን ኮፒ የት እንደምታስቀምጥ፣ ማንን ቀድማ እንደምታሳውቅ እነግራታለሁ። ከእውነተኛ ታሪክ ውስጥ ሴቶች የሚፈልጉት የማምለጫውን ዘዴ ነው አይደል? እንግዲያው ዘዴውን እንሰጣጥ።

የፐርፔቱዋን ታሪክ የጻፈው ሰው ሌላም ነገር አይቷል። ላሚቱ ሁለቱንም ከጣለቻቸው በኋላ፣ ፐርፔቱዋ ተነሥታ ፌሊቺታስ መሬት ላይ መውደቋን ስታይ ሄደች፣ እጇን ሰጠቻት፣ አነሣቻት፤ ባለ ደህና ቤተሰብ ልጅና ባሪያዋ ጎን ለጎን ቆሙ። ያን ሁሉ ሺህ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ሲያይ፣ እዚያ ቀን እጇን የዘረጋችው አሸዋው ላይ ያለችው ሴት ነች።